«ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ድርጅቶች ሰርቨራቸውን (ሥራቸው የሚካሄድበትን፣ መረጃቸው የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር) የት ቢያስቀምጡ ይሻላል በሚል ሰሞኑን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ጥሩ ነው። ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የአይቲ ሰዎች ጭቅጭቅ ተደርጎ ስለሚታይ ጋዜጣ ላይ ማየቴ ራሱ ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ጽሑፉ አንባቢውን «ዋጋ አወዳድር፣ የደረጃ ሰርተፊኬት እይ፣ ፈርም» ብሎ ያሰናብተዋል። እኔ በዚህ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ዋጋ አወዳድረው፣ ሰርተፊኬት አይተው፣ ፈርመው፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ግራ ገብቷቸው ያደሩ ሰዎች አውቃለሁ። አንዱ እኔ ነኝ።

የሆነውን ልንገራችሁ። የምሠራበት ድርጅት በአንድ ዳታ ሴንተር፣ ማለትም የብዙ ድርጅቶች ሰርቨር በሚቀመጥበት ሕንፃ ውስጥ፣ ራክ (የሰርቨር መደርደሪያ) ተከራይቶ ሰርቨሮቹን እዚያ አስቀምጦ ነበር። የዳታ ሴንተሩን ስም አልጠራም። የደመወዝ ዋዜማ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ሰርቨሮቹ በሙሉ ጠፍተዋል። ዳታ ሴንተሩ ለጥገና ብሎ ከሁለቱ የኃይል መስመሮች አንዱን አጥፍቶ ነበር፤ ይህንንም ቀድሞ በኢሜይል ነግሮናል። እኛን ሊነካን አይገባም ነበር። እያንዳንዱ ሰርቨር ሁለት ፓወር ሰፕላይ (ኃይል መቀበያ) አለው፤ አንዱ በኤ መስመር፣ ሌላው በቢ መስመር እንዲሰካ ውላችን ላይ ተጽፏል፤ ለሁለቱም በየወሩ እንከፍላለን።

ሄድኩ። ከራኩ ጀርባ ተንበርክኬ በስልኬ መብራት ገመዶቹን አንድ በአንድ በጣቴ ተከተልኳቸው። መረጃው ሁሉ ከሚቀመጥበት ከዋናው የዳታቤዝ ሰርቨር የወጡት ሁለቱ ጥቁር ገመዶች አብረው ወርደው፣ አብረው ታጥፈው፣ አንዱ ማከፋፈያ ላይ ጎን ለጎን ተሰክተዋል። የቢ መስመር ማከፋፈያ ማዶ ላይ አረንጓዴ መብራቱን እያበራ ቆሟል፤ ከቀዳዳዎቹ አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። አንድ ሰው፣ መቼ እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም፣ ገመዱ አጭር ሲሆንበት በቀረበው ቀዳዳ ሰክቶት ሄደ። በቃ ይኸው ነው። በየወሩ የከፈልንበት ሁለተኛ መስመር ከአንድ ሜትር ባነሰ ገመድ ቀረ።

ዳታቤዙ በድንገት ስለጠፋ ፋይሎቹ ተበላሹ፤ ለመመለስ 11 ሰዓት ፈጀብን። በማግስቱ ደመወዝ አልገባም። ደንበኞች ሲመጡ መስኮት ላይ የምትሠራው ልጅ «ሲስተም የለም» እያለች ስትመልስ ዋለች። የማታውቀው ዳታ ሴንተር ውስጥ የማታውቀው ሰው ለሰካው ገመድ ቀኑን ሙሉ የተሰደበችው እሷ ነች። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም በዋናነት ለእሷና መሰሎቿ ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ ፍለጋ ገባን። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የሄድንበት ሁሉ ያስፈራን ነበር። ፍርሃቱ ግን ጠቀመን፤ መጠየቅ አስተማረን። የመጀመሪያ ጥያቄያችን «እናንተ ጋ ብልሽት አለ ወይ?» የሚል ነበር። ይህ የማይረባ ጥያቄ ነው። ብልሽት የሌለበት ቤት የለም፤ የሚመልስላችሁም የሽያጭ ሠራተኛው ነው። ቆይቶ ጥያቄያችንን ቀየርነው። «ባለፈው ሲበላሽባችሁ ምን ሆነ? ማን አወቀ? በስንት ደቂቃ? አሳዩን።» እዚህ ላይ የሰዎቹ ፊት መለያየት ጀመረ።

ከኃይል ልጀምር፣ ምክንያቱም አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚያ ነው። መብራት ሲጠፋ ጭነቱን መጀመሪያ የሚሸከመው ዩፒኤስ ነው፤ ማለትም ባትሪ። የሚይዘው ለደቂቃዎች ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ጄኔሬተሩ ተነስቶ መረከብ አለበት፤ ደህና ከሆነ በ10፣ በ15 ሰከንድ ይነሳል። ካልተነሳ የሕንፃው ዕድሜ የባትሪው ዕድሜ ነው። ጄኔሬተር እምቢ የሚልበት ዋና ምክንያት ደግሞ ብዙዎች እንደሚያስቡት ሞተሩ አይደለም፤ የማስነሻ ባትሪው ነው። መኪና የነዳ ሰው ሁሉ ይገባዋል። ሁለተኛው ናፍታው ነው። ናፍታ ታንከር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ውሃ ያቁራል፣ ቆሻሻ ያበቅላል፣ ፊልትሮ ይዘጋል። ያ ጄኔሬተር ለጎብኚ ሲነሳ ያጓራል፤ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ስድስት ሰዓት ሲሠራ ግን መሃል ላይ ይታፈናል።

ስለዚህ ጄኔሬተሩን አይታችሁ ብቻ አትመለሱ። የሙከራ መዝገቡን ጠይቁ። አንድ ቦታ ስንጠይቅ የተሰጠን መዝገብ በየወሩ «30 ደቂቃ፣ ደህና» ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ በአንድ ስክሪብቶ። የጭነት መጠን አልተጻፈም። የተቀየረ ፊልትሮ የለም። የተቀየረ ባትሪ የለም። ሁለት ዓመት ምንም ያልተነካ ሞተር የለም፤ ያ መዝገብ በአንድ ቀን የተሞላ ነው ብዬ ወጣሁ።

ሌላ ቦታ ደግሞ እጁ ዘይት የነካ ቴክኒሻን መዝገቡን ራሱ ይዞ መጣ። ገጹ ጠርዝ ላይ የጣት አሻራ አለበት። ገለጥ ገለጥ አድርጎ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈና «እዚህ ጋ ወድቆብናል» አለን። ሙሉ ጭነት ሰጥተውት ሲሞክሩ ሙቀቱ ከፍ ብሎ በመሃል ቆሟል። ከሥሩ ራዲያተሩ እንደተጠረገ፣ ቀበቶው እንደተቀየረ፣ በሳምንቱ ሙከራው እንደተደገመ ተጽፏል። የሽያጭ ሠራተኛው ከጎኑ ቆሞ ተጨነቀ፤ ገበያ ያበላሸበት መስሎት ነው መሰለኝ። የፈረምነው እዚያ ነው።

ስለ ሰርተፊኬት ደግሞ ጽሑፋችሁ ያለፈው ነገር አለ። አፕታይም ኢንስቲትዩት የሚባለው ድርጅት ዳታ ሴንተሮችን ከቲር 1 እስከ ቲር 4 ይመድባል። ቲር 3 ማለት በአጭሩ ማንኛውንም የኃይልና የማቀዝቀዣ ዕቃ ሰርቨሮቹን ሳያጠፉ ነቅሎ መጠገን ይቻላል ማለት ነው። ቲር 4 ከዚያ አልፎ አንድ ነገር ሳይታሰብ ቢበላሽም ሥራው አይቋረጥም ይላል። ጥሩ መለኪያ ነው። ግን ሰርተፊኬቱ ራሱ ዓይነት አለው። አንዱ የሚሰጠው ለንድፉ ነው፤ ወረቀት ላይ ለተሳለው። ሌላው የሚሰጠው ለተሠራው ሕንፃ ነው፤ መርማሪ መጥቶ ዕቃውን እያጠፋና እያበራ ካየ በኋላ። ሦስተኛው ደግሞ ቤቱ በየቀኑ እንዴት እንደሚመራ የሚያይ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የንድፉ ብቻ ሆኖ «ቲር 3 ነን» የሚሉ ገጥመውኛል። «ቲር 3 ፕላስ» የሚሉም አሉ፤ እንዲህ የሚባል ደረጃ በመለኪያው ውስጥ የለም። የተቋሙ ድረ ገጽ ላይ የተመሰከረላቸው ዝርዝር ስላለ ገብቶ ማረጋገጥ ነው።

የአይኤስኦ 27001፣ ማለትም የመረጃ ደህንነት አያያዝ ሰርተፊኬትም እንዲሁ ነው። ወረቀቱ ላይ «ወሰን» የምትል አንቀጽ አለች፤ ሁልጊዜ እሷን አንብቡ። የተመሰከረለት ሌላ ቦታ ያለው ዋናው ቢሮ ሆኖ፣ ሰርቨራችሁ የሚቀመጥበት አዳራሽ ከወሰኑ ውጭ ሊሆን ይችላል። የሶክ 2 ሪፖርት፣ ማለትም የደንበኛን መረጃ እንዴት እንደሚጠብቁ የውጭ ኦዲተር ያየበትን፣ ካሳዩአችሁ ዓይነት አንድ ነው ወይስ ዓይነት ሁለት ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው የአንድ ቀን ፎቶ ነው፤ ሁለተኛው ለወራት የተከታተለ ነው። እኔ ሁለተኛውን ነው የምፈልገው።

አሁን ወደ እሳት ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የፈረንሳዩ የሰርቨር አከራይ ድርጅት ኦቪኤች በስትራስቡርግ ያለው ዳታ ሴንተር ተቃጠለ። ባለ አምስት ፎቁ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ፤ ከጎኑ ያለውም ተጎዳ። ሰው አልሞተም። ግን በማግስቱ ስንቱ የንግድ ድርጅት ድረ ገጹን፣ የሒሳብ መዝገቡን፣ የደንበኞቹን ዝርዝር አጥቶ ነቃ። ብዙዎቹ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አብሮ ይሰጠናል ብለው ያሰቡ ነበሩ፤ ውላቸውን ሲያነቡ የለም። ይባስ ብሎ ለባክአፕ ለብቻው ከፍሎ የነበረ ደንበኛ ቅጂው የተቀመጠው እዚያው እሳቱ በተነሳበት ስፍራ ሆኖ ተገኘ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። አንድ ሰው ለመጠባበቂያ ገንዘብ ከፍሎ፣ መጠባበቂያው ከዋናው ጋር አብሮ ሲቃጠል አስቡት።

ደቡብ ኮሪያ ሁለት ጊዜ ደርሶባታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ፓንግዮ በተባለ አካባቢ ባለ ዳታ ሴንተር የባትሪ ክፍል ውስጥ እሳት ተነሳ። አገሬው መልእክት የሚላላክበት፣ ታክሲ የሚጠራበት፣ ገንዘብ የሚልክበት ካካኦ በአንዴ ቆመ፤ ሁሉንም አገልግሎት ለመመለስ ከአምስት ቀን በላይ ፈጀ። ከዋና ሥራ አስፈጻሚዎቹ አንዱ በቀናት ውስጥ ሥራውን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ተማረ ይባላል አይደል? እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 2025 ዴጆን ባለው የመንግሥት ዳታ ሴንተር ውስጥ የሊቲየም ባትሪዎችን በማዛወር ላይ ሳሉ እንደገና እሳት ተነሳ። ከ600 በላይ የመንግሥት ሲስተሞች ቆሙ። የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን የሚያስቀምጡበት አንድ ትልቅ ማከማቻ ሙሉ በሙሉ ጠፋ፤ 858 ቴራባይት። ቅጂ አልነበረውም። ምክንያቱ ደግሞ መጠኑ በጣም ትልቅ ስለሆነ ነው ተባለ። እኔ ይህን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ። እኛም ቢሮ «ይኼኛው ትልቅ ነው፣ በኋላ እንቀዳዋለን» ያልነው አንድ ማከማቻ ነበረን። ያን ሳምንት ቀዳነው።

ከዚህ የወሰድኩት ለጉብኝት የሚሆን ቀላል ነገር ነው። ባትሪው የት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ከሰርቨሮቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው? በመካከል ያለው ግድግዳ እሳትን ለስንት ሰዓት ይይዛል? ሊቲየም ነው ወይስ እርሳስ? የእርሳሱ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ የተተከለበት ቀን ላዩ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ጠጋ ብሎ ማንበብ ነው። ሰርቨር ክፍል ውስጥ ካርቶን ካያችሁ ደግሞ ልብ በሉ። አዲስ ዕቃ የመጣበት ካርቶን፣ ፌስታል፣ የእንጨት ሳጥን ጥግ ላይ ተከምሮ ካለ፣ ማገዶ እዚያው አስቀምጠዋል ማለት ነው።

እሳት ማጥፊያውም ራሱ ጣጣ አለው፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ቡካሬስት ውስጥ የአይኤንጂ ባንክ ዳታ ሴንተር የጋዝ እሳት ማጥፊያውን ለሙከራ ለቀቀ። እሳት የለም፤ ሙከራ ነው። ጋዙ ከቱቦው ሲወጣ የነበረው ጩኸት ከ130 ዴሲቤል አለፈ፤ ንዝረቱ ብዙ ሃርድ ዲስኮችን አበላሸ። ካርድም፣ ኤቲኤምም፣ የኢንተርኔት ባንክም ለ10 ሰዓት ያህል ተቋረጠ። ስለዚህ ጋዝ ከሆነ፣ ድምፅ የሚቀንስ አፍ ተገጥሞለታል ወይ ማለት ነው። ትንሽ ጥያቄ ናት፤ ግን የሚመልስላችሁ ሰው ሥራውን ያውቅ እንደሆነ ወዲያው ትነግራችኋለች።

ጎርፍና ሙቀት ላይ ብዙ አልቆይም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ኒውዮርክን ሲመታ፣ ማንሃታን ውስጥ ጄኔሬተራቸው ከላይ ሆኖ የናፍታ ፓምፓቸው ምድር ቤት የነበሩ ሕንፃዎች ነበሩ። ምድር ቤቱ በውሃ ተሞላ። በአንዱ ሕንፃ ሠራተኞችና ደንበኞች ተሰልፈው ናፍታ በባልዲ እስከ 17ኛ ፎቅ በደረጃ አመላለሱ። ሰዎቹን አደንቃለሁ። ግን የእናንተ ሥራ በባልዲ እንዲድን አትፈልጉም፤ ፓምፑ የት ነው በሉ። ለንደን ደግሞ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2022 ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ የጎግልና የኦራክል ማቀዝቀዣዎች አቅቷቸው አገልግሎት ተቋረጠ። ሰርቨር የሚስማማው አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ማቀዝቀዣው ውጭ ስንት ዲግሪ እስኪሆን ድረስ ነው የሚችለው? አንዱ ቢበላሽ ሌላው ለብቻው ይሸከማል? ቁጥሩን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ኢንተርኔቱ ላይ ሰው የሚታለልበት አንድ ቦታ አለ። «ከሁለት አቅራቢ መስመር አለን» ይባላል። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ሁለቱም ፋይበር በአንድ ቦይ፣ በአንድ በር ከገባ፣ አንድ የመንገድ ቆፋሪ ማሽን ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ይቆርጣቸዋል። የሚገቡበትን ሁለት የተለያየ ቦታ በእግር ሄዳችሁ እዩ። እኛ ስናይ፣ አንድ ቦታ ሁለተኛው መግቢያ የተባለው ከመጀመሪያው ሦስት እርምጃ ይርቅ ነበር።

ስለ ጥበቃ ሁሉም የሚያሳያችሁ የጣት አሻራ ማንበቢያውንና ካሜራውን ነው። እኔ የማየው ሰዎቹን ነው። ስንጎበኝ መታወቂያችንን በትክክል አዩት ወይስ ከሽያጭ ሠራተኛው ጋር ስለመጣን ዝም ብለው አሳለፉን? አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ ሌላው ከኋላው ተከትሎ መግባት ይችላል? የራኩ በር ይቆለፋል? ቁልፉስ ማን ጋ ነው? ካሜራው የቀረጸው ለስንት ቀን ይቀመጣል? አንድ ነገር ግን የዳታ ሴንተሩ ኃላፊነት አይደለም፤ የኛ ነው። መግባት የሚፈቀድላቸው ሰዎች ዝርዝር። እኛ ከዚያ ሌሊት በኋላ ዝርዝራችንን አስልከን ስናነበው፣ ሥራ ከለቀቀ ሁለት ዓመት የሞላው ባልደረባችን ስሙ አለ። እምነት የሚጣልበት ልጅ ነበር። ግን በየትኛውም ሰዓት ገብቶ የፈለገውን ነቅሎ መውጣት ይችል ነበር። የተበላሸ ሃርድ ዲስክ ሲወጣም የት እንደሚሄድ ጠይቁ። ተፈጭቶ ማረጋገጫ ይሰጣችኋል ወይስ መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል? ዲስኩ ቢሞትም ላዩ ላይ ያለው መረጃ ብዙ ጊዜ አይሞትም።

ውሉን በተመለከተ። «99.9 በመቶ ዋስትና» ሲባል ጆሮ ላይ ትልቅ ይመስላል። አስሉት፤ በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ መቋረጥ ተፈቅዷል ማለት ነው። 99.99 ከሆነ 52 ደቂቃ ያህል ነው። 99.999 ከሆነ 5 ደቂቃ ገደማ። ከዚያም ውስጡን አንብቡ። ብዙ ጊዜ «የታቀደ ጥገና አይቆጠርም» ይላል። እኛን የጣለን ያው የታቀደ ጥገና ነው፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ ያ ሌሊት እንዳልነበረ ነው የተቆጠረው። ካሳውም ቢሆን ከወር ኪራይ ላይ የምትቀነስ ትንሽ ገንዘብ ናት፤ እሷንም በተወሰነ ቀን ውስጥ ካልጠየቃችሁ ትቀራለች። የጠፋ ሽያጭ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የሄደ ደንበኛ ውስጧ የለም። ስለዚህ ዋስትና የሚለውን ቃል እንደ መድን አትዩት። መድኑን ራሳችሁ ነው የምትገዙት፤ ሁለተኛ ቦታ ላይ በተቀመጠ ቅጂ።

ሁለተኛው ቦታ ምን ያህል ይራቅ የሚል ጥያቄ ሁሌ ይነሳል። በአንድ ጎርፍ፣ በአንድ የኃይል ጣቢያ ብልሽት አብሮ እንዳይወድቅ መራቅ አለበት። በጣም ከራቀ ደግሞ ሁለቱን ሰርቨሮች በየቅጽበቱ እኩል ማድረግ ይከብዳል፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ 100 ኪሎ ሜትር ደርሶ ለመመለስ 1 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ዳታቤዙ አንድ ነገር በመዘገበ ቁጥር ያን ጊዜ መጠበቅ አለበት። የእኛ መፍትሔ ቀላል ነው። ዋናው ሰርቨር አንድ ቦታ፣ በየ15 ደቂቃው የሚላክ ቅጂ ሩቅ ያለ የሌላ ድርጅት ዳታ ሴንተር ውስጥ፣ አንድ ደግሞ ከኔትወርክ ተነቅሎ የሚቀመጥ። ይህ የመጨረሻው የሚያስፈልገው ለእሳት ብቻ አይደለም። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰርጎ ገብ ቢመጣ፣ ኔትወርክ ላይ ያለውን ባክአፕ ነው መጀመሪያ የሚያጠፋው። በወር አንዴ ከቅጂው ላይ ሲስተሙን እንደ አዲስ እናነሳለን፤ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ይመዘገባል። የመጀመሪያ ጊዜ 9 ሰዓት ፈጀ። አሁን ከ2 ሰዓት በታች ነው።

መውጫውንም ከመግባታችሁ በፊት እዩ። ውሉ ሲያልቅ ዕቃችሁን በስንት ቀን ታወጣላችሁ? ከእነሱ ጋር የሒሳብ ክርክር ቢነሳ ሰርቨሩን ይይዙባችኋል? ድርጅቱ ቢከስር፣ ያ ራክ ላይ ያለው ብረት የእናንተ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት አለ? ይህን ሲጠይቁ የሚያፍሩ ሰዎች አያለሁ፤ ሳይገቡ ስለ መውጣት ማውራት ነውር ይመስላቸዋል። ጠይቁ እንጂ። ደግሞም ከመፈረማችሁ በፊት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የድጋፍ ስልካቸውን ደውሉ። ማን እንደሚያነሳው፣ በስንተኛው ጥሪ እንደሚያነሳው፣ «ነገ ጠዋት ይደውሉ» ይላችሁ እንደሆነ ስሙ። እኛ አንዱን ቦታ የተውነው ሁሉም ነገር አምሮ ሳለ በዚህ ምክንያት ብቻ ነው።

ጋዜጣችሁን አንድ ነገር ልለምን። ዳታ ሴንተሮችን ስታነጋግሩ ስንት ራክ እንዳላቸው ብቻ አትጠይቁ። ባለፈው ዓመት ምን ተበላሸባቸው፣ ለደንበኞቻቸው በጽሑፍ ምን አስረዱ፣ ምን ቀየሩ ብላችሁ ጠይቁና የሰጡትን መልስ አትሙልን። መልስ ያልሰጠውንም አልሰጠም በሉ። እንደኔ ያለ ሰው አንድ ለአንድ ሄዶ ቢጠይቅ የሽያጭ ሠራተኛ ያሰናብተዋል፤ ጋዜጣ ሲጠይቅ ግን የሚመልሰው ሌላ ሰው ነው።

እኛ አሁን በየሦስት ወሩ ከዳታ ሴንተሩ ጋር ቀን ቆርጠን ኤ መስመርን ሆን ብለን እናጠፋዋለን። ገመዶቹ ቀለም ተለይቶላቸዋል፤ ቀይ ለኤ፣ ሰማያዊ ለቢ። የሚያጠፋው ያ እጁ ዘይት የነካ ቴክኒሻን ነው። እኔ ከራኩ ጀርባ እቆማለሁ። ባለፈው ጊዜ በሥራ ሰዓት፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ አደረግነው። ቀዩ ወገን ላይ ያሉት መብራቶች ጠፉ፤ የሰርቨሮቹ ድምፅ ግን አልተለወጠም። ቢሮ ደወልኩና መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ ሲስተሙ እንዴት ነው አልኳት። «ደህና ነው፣ ምነው?» አለችኝ፤ ከኋላዋ ደንበኛ ያዋራታል።

አክባሪያችሁ፣
በአንድ የንግድ ድርጅት የሲስተም አስተዳደር ሠራተኛ